አሮጌ ሞተርሆም በቁጠባ ማደስ፦ ወጪው ከጣሪያ ይጀምር

ያገለገለ መኪና ገበያ የገባ ሰው አዲስ ቀለም የተቀባ ተሽከርካሪ ሲያይ ከመደሰት ይልቅ መጠርጠር ይቀናዋል። ከቀለሙ ሥር ምን ያህል ስቱኮ እንዳለ ሳያረጋግጥ ስለ ዋጋ አይነጋገርም። በአዲስ አበባ ጋራዦች የተለመደው ይህ ጥርጣሬ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ሞተርሆም እየተባለ በሚጠራው ተሽከርካሪ ገበያም እጅግ ያስፈልጋል። ሞተርሆም መኝታ፣ ማዕድ ቤት፣ መጸዳጃና የውሃ ጋን የተገጠመለት፣ በራሱ ሞተር የሚጓዝ ቤት ነው። እዚያ ጉድ የሚሸፈነው በስቱኮ ሳይሆን በአዲስ መጋረጃ፣ በአዲስ ምንጣፍና ነጭ ቀለም በተቀባ ቁም ሣጥን ነው።

ንግዱ አዲስ አይደለም። በጀርመን ዌስትፋሊያ የተባለው ድርጅት የፎልክስዋገንን ቫን ወደ መኝታ መኪና መለወጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። በአሜሪካ አዮዋ ግዛት የሚገኘው ዊኔባጎ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 ሞተርሆም ማምረት ጀመረ። ገበያው ግን ቶሎ የሚሞቅ፣ ቶሎ የሚቀዘቅዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ቀውስ ክፉኛ ተጎድቷል። በኮቪድ ወቅት ሆቴልና አውሮፕላን የሸሸው ሁሉ ፊቱን ወደ ተንቀሳቃሽ ቤት በማዞሩ፣ በመኪና የሚጎተቱትን ጨምሮ እ.ኤ.አ. በ2021 በሰሜን አሜሪካ ከ600 ሺሕ የሚበልጡ ተንቀሳቃሽ ቤቶች ከፋብሪካ ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ይኸው ቁጥር ወደ 313 ሺሕ ገደማ አሽቆልቁሏል። ገበያ ሲቀዘቅዝ የመደራደር አቅሙ ወደ ገዢው ይዞራል። አነስተኛ ገንዘብ ያለውም ሰው ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለውን ገዝቼ ላድስ ብሎ የሚነሳው በዚህ ጊዜ ነው።

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ይሁን እንጂ ብዙዎች የሚከስሩት ዕድሳቱን ከተሳሳተ ጫፍ ስለሚጀምሩ ነው። ዓይን የሚያየው ርካሹ ሥራ ነው፤ ኪስ የሚያራግፈው ዓይን የማያየው ነው።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል

የብዙዎቹ አሮጌ ሞተርሆሞች ግድግዳ ከውጭ ፋይበርግላስ ወይም አሉሚኒየም ላሜራ ይምሰል እንጂ፣ ውስጡ ቀጫጭን የእንጨት ሞራሌ፣ የሙቀት መከላከያ ስፖንጅና ስስ ኮምፔንሳቶ ነው። ጣሪያው ላይ የአየር ማስወጫ፣ የመብራት መስኮት፣ አንቴናና የቧንቧ መተንፈሻ ለመትከል በርካታ ቀዳዳዎች ተበስተዋል። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ በፀሐይና በብርድ ይሰነጠቃል። መኪናው ደግሞ በተጓዘ ቁጥር ይርገፈገፋልና ስንጥቁ ይሰፋል።

በዚያ ስንጥቅ የሚገባው ውሃ ጥቂት በመሆኑ ባለቤቱ አይደነግጥም። ውሃው ግን ኮምፔንሳቶውን እየሰነጣጠቀ፣ ሞራሌውን እያበሰበሰ ለዓመታት ሥራውን ይሠራል። በተለይ ከሾፌሩ ራስ በላይ አልጋ ባላቸው ሞተርሆሞች፣ ወደ ፊት የወጣው የአልጋው ክፍል ለዚህ ችግር የተጋለጠ ነው።

በመሆኑም ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያደርግ የሚገባው የሚከተለውን ነው። በሩን እንደከፈተ ያሽትት፤ የሻገተ ሽታ ካለ ወይም በሽቶ የተሸፈነ ከመሰለው ይጠርጥር። በመስኮቶች ሥር፣ በጣሪያው ማዕዘኖችና በቁም ሣጥን ውስጥ ግድግዳውን በአውራ ጣቱ ይጫን። ጤነኛ ግድግዳ አይጎደጉድም። ወለሉን በተለይም በመጸዳጃውና በመግቢያው በር አካባቢ ይርገጥ። ከውጭ ሆኖ ግድግዳውን በጎን ሲመለከት ያበጠ ቦታ ካየ፣ ፋይበርግላሱ ከእንጨቱ ተላቋል ማለት ነው። ከ50 ዶላር በታች የሚገዛ የእርጥበት መለኪያ ይዞ መሄድም የሺሕ ዶላር ጥፋት ያስቀራል። ከተቻለ መኪናው ዝናብ በዘነበ ማግስት ቢታይ ይመረጣል።

ጉዳቱ አንድ ማዕዘን ላይ የተወሰነ ከሆነ ሊጠገን ይችላል። የበሰበሰው እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ተቆርጦ ይወጣል፤ ቦታው ይደርቃል፤ አዲስ ሞራሌና ኮምፔንሳቶ ይገባል። ከዚያ ላይ ለጣሪያው ዓይነት የተሠራ ማሸጊያ ይደረጋል። ብዙ ሰው ርካሽ ነው በማለት ተራ ሲሊኮን ይቀባል። ሲሊኮን ሲያረጅ ግን በላዩ ላይ ሌላ ማሸጊያ፣ አዲስ ሲሊኮን እንኳ ሳይቀር በደንብ ስለማይጣበቅ፣ ቀጣዩ ጥገና ሁለት እጥፍ ሥራ ይሆናል። በየስድስት ወሩ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ስንጥቅ መፈለግና ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ከሁሉም የረከሰ ጥገና ነው።

በተቃራኒው ጣሪያውም፣ ግድግዳውም፣ ወለሉም ከለሰለሰ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ መተው ይሻላል። ያ የሚታደስ መኪና አይደለም፤ ፈርሶ እንደገና የሚሠራ ቤት ነው።

ጎማ ቢያምርም ዕድሜ አለው

ሞተርሆም በዓመት ውስጥ የሚጓዘው ጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ የጎማው ጥርስ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል። ሻጩ ጥርሱን እያሳየ “ገና አዲስ ነው” ሲል ገዢው መመልከት ያለበት ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው። በአሜሪካ ገበያ በሚሸጥ ጎማ ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ ጋር ካለው ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የምርቱን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ። ለምሳሌ 2319 የሚል ካለ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። የቁጥሩ አኃዝ ሦስት ብቻ ከሆነ ጎማው ከ2000 በፊት የተመረተ በመሆኑ ወዲያውኑ መጣል አለበት። ጎማ አምራቾች ጥርሱ ባያልቅም ከአሥር ዓመት በላይ እንዳይነዳበት ይመክራሉ፤ ከስድስት ዓመት ጀምሮ እንዲለወጥ የሚሉም አሉ። ከኋላ ጥንድ ጎማ ላለው መኪና ስድስት ጎማ መግዛት ቀላል ወጪ ስላልሆነ ከዋጋው ላይ ሊቀነስ ይገባል።

ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ፍሬኑም ይታያል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ መለወጥ አለበት። የፍሬን ሸራ፣ የጎማ ቱቦዎች፣ ቺንጊያና የራዲያተር ውሃም በዚሁ ጊዜ ይፈተሻሉ። ብዙ ቶን የሚመዝን ቤት ቁልቁለት ላይ ፍሬን ከከዳው፣ ስለ መጋረጃው ቀለም የሚጨነቅ አይኖርም።

ጋዝና ኤሌክትሪክ ቀልድ አያውቁም

ምድጃው፣ ማሞቂያውና በብዙዎቹ አሮጌ ሞተርሆሞች ማቀዝቀዣው የሚሠሩት በፕሮፔን ጋዝ ነው። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። የጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ ዝቅ ብሎ የሚሰቀለውም በዚህ ምክንያት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የሌለው በመሆኑ፣ የተኛ ቤተሰብ ሳይነቃ ሊገድል ይችላል። ለእርሱ የራሱ ጠቋሚ ያስፈልጋል። ጠቋሚዎቹ እስከ ወዲያኛው አይሠሩም፤ ማብቂያ ጊዜያቸው ብዙውን ጊዜ ከጀርባቸው ይጻፋል። የጋዝ መስመሩን ባለሙያ በግፊት መለኪያ ሳይፈትሸው ክብሪት መጫር አይገባም። በዚህ ላይ የሚደረግ ቁጠባ ቁጠባ አይባልም።

ማቀዝቀዣው ካልሠራ ሌላ ስሌት ይመጣል። በጋዝ የሚሠራውን ዓይነት በአዲስ መተካት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሺሕ ዶላር በላይ ያስወጣል። በአንጻሩ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራው ባለ ኮምፕሬሰር ማቀዝቀዣ ባነሰ ዋጋ ሊገኝ ይችላል፤ ሆኖም ባትሪው ሊሸከመው ይገባል። አንድ ባለ 100 አምፔር ሰዓት፣ 12 ቮልት ባትሪ በጽሑፍ 1,200 ዋት ሰዓት አለው። የተለመደው የሊድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ ባይራገፍ ይመረጣል፤ ስለዚህ የሚሠራበት 600 ያህሉ ነው። ሊቲየሙ ከዚያው መጠን አብዛኛውን ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ማቀዝቀዣው በቀን 500 ዋት ሰዓት ቢወስድ፣ አንድ የሊድ ባትሪ ሳይሞላ ከአንድ ቀን እምብዛም እንደማያሻግር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሮጌ ሞተርሆም ውስጥ ባለቤቶች በየጊዜው የቀጣጠሉት ሽቦም ይገኛል። ፊውዝ የሌለውና የት እንደሚሄድ የማይታወቅ ሽቦ ተነቅሎ መውጣት አለበት። አዲስ የሚዘረጋው ሽቦ ውፍረቱ ለሚሸከመው ኃይል የሚመጥን፣ ፊውዙም ለባትሪው የቀረበ ይሁን።

ያማረ ቤት፣ የከበደ መኪና

ቤት የሠራ ሰው ሞተርሆም ሲያድስ የሚሠራው ስሕተት አለ፤ ይኸውም የሴራሚክ ወለል፣ የእብነ በረድ ጠረጴዛና ወፍራም ጣውላ ማስገባት ነው። መኪናው ግን ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛ ክብደት ከፋብሪካ ተወስኖ በተለጠፈበት ጽሑፍ ላይ ሰፍሯል። 150 ሊትር የሚይዝ የውሃ ጋን ሲሞላ ብቻውን 150 ኪሎ ይመዝናል። በዚያ ላይ ነዳጅ፣ ጋዝ፣ ሰውና ሻንጣ አለ። ሴራሚክ በጉዞ ርግፍግፊት ይሰነጠቃል፤ ከባዱ ጣውላም ጎማና ፍሬን ይበላል። ቀለም፣ የፕላስቲክ ወለልና የተለወጠ የመቀመጫ ጨርቅ በትንሽ ወጪና በትንሽ ክብደት ቤቱን ያድሳሉ።

የ12 ሺሕ ዶላሩ ሒሳብ

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ገዢ 12,000 ዶላር አለው እንበል። ቁጥሮቹ ለስሌት ማሳያ የቀረቡ ሲሆኑ እንደየአገሩና እንደየመኪናው ይለያያሉ።

ይህ ሰው 12,000 ዶላሩን በሙሉ ለግዢ ቢያውል የሚያድስበት አይኖረውም። ስለዚህ በ6,000 ገዝቶ ቀሪውን እንዲህ ይመድባል፦

ለጣሪያና ለግድግዳ ጥገና 1,200 ዶላር
ለስድስት ጎማ 1,200 ዶላር
ለፍሬንና ለሞተር ፍተሻ 900 ዶላር
ለባትሪና ለኤሌክትሪክ መስመር 900 ዶላር
ለጋዝ ፍተሻና ለጠቋሚዎች 300 ዶላር
ለቀለም፣ ለወለልና ለጨርቅ 600 ዶላር
ለመጠባበቂያ 900 ዶላር

ለዓይን ማረፊያ የተመደበው ከዕድሳቱ ገንዘብ አሥር በመቶ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። መጠባበቂያው ደግሞ ለቅንጦት የተቀመጠ አይደለም። ግድግዳ ሲከፈት ያልታሰበ ነገር መገኘቱ የማይቀር ነው። መጠባበቂያ ያልያዘ ሰው ጣሪያው ተከፍቶ፣ ገንዘቡ አልቆ፣ ዝናብ ይመጣበታል።

ትርፍ ወይስ አገልግሎት?

አሮጌ ሞተርሆም አድሶ በመሸጥ አተርፋለሁ የሚል ሰው የጉልበቱን ዋጋ መርሳት የለበትም። ሥራው 200 ሰዓት ቢወስድና የሰዓቱ ዋጋ 20 ዶላር ቢሆን 4,000 ዶላር በወጪ መዝገብ ላይ ይጨመራል። ቀጣዩ ገዢም በበኩሉ ከአዲሱ ቀለም ሥር ያለውን ስለሚጠረጥር ያንን ድካም በሙሉ አይከፍልም።

ለራሱ ለሚገለገልበት ሰው ስሌቱ ሌላ ነው። ከላይ የተጠቀሰውን መኪና አምስት ዓመት ተጠቅሞበት በ5,000 ቢሸጠው፣ 7,000 ዶላሩ ለአምስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 1,400 ይሆናል። ለመድን፣ ለማቆሚያና ለጥገና በዓመት 1,600 ቢጨመር ጠቅላላው 3,000 ይደርሳል። በዓመት 20 ሌሊት ካደረበት አንዱ ሌሊት 150 ዶላር ወጣበት ማለት ነው። አምስት ሌሊት ብቻ ካደረበት ግን አንዱ ሌሊት 600 ዶላር ይሆናል። ይህን ከኪራይ ዋጋ ጋር ማነጻጸር ከግዢው በፊት እንጂ በኋላ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ቤት ኪራይ ከብዶት ዓመቱን ሙሉ ሊኖርበት ለሚገዛው ደግሞ መኪናው መዝናኛ መሆኑ ቀርቶ ያለው አንድ ጣሪያ ስለሚሆን፣ በጣሪያውና በጋዙ ላይ የሚደረገው ጥንቃቄ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ይህ ትምህርት ሞተርሆም በሌለበት አገርም ይሠራል። በኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ ሚኒባስ ወይም የጭነት መኪና አድሶ መሥራት ለብዙዎች አንዱ አማራጭ ሆኗል። የወጪው ቅደም ተከተል ግን አይለወጥም፤ መጀመሪያ የሚያበሰብሰው፣ ቀጥሎ የሚገድለው፣ በመጨረሻ የሚያምረው።