ስለ ኤላ ዛፍ ባሕርይና ታሪክ፤ ስለ አጠባበቁም

በምድረ ከነዓን ተራሮች ላይ የሚበቅል፣ ዕብራውያን ኤላ፣ ዐረቦች ቡጥም፣ ግሪኮችም ተረቢንቶስ የሚሉት ዛፍ አለ። የዛፍ ዕድሜ በጠባቂው እጅ መሆኑን ከዚህ ዛፍ መማር ይቻላልና፣ ደን የመጠበቅ አደራ ላለባቸው ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች ነገሩን በአጭሩ እንገልጻለን።

ስለ ባሕርዩ። ኤላ ከፒስታሽዮ ጋር አንድ ወገን ነው። በብርድ ወራት ቅጠሉን ያረግፋል፤ ጭንጫ መሬትንና ድርቅን ይችላል። ወንዱና ሴቴው በየራሳቸው ግንድ የቆሙ ናቸው። ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዪቱ ብቻ ናት፤ ነገር ግን ነፋስ የወንዱን አበባ ዱቄት ካላደረሰላት ፍሬዋ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ወንዱን መካን ነው ብሎ የሚቆርጥ ሰው የሴቴዪቱንም ዘር ያጠፋል።

ስለ ጥቅሙ። ግንዱ ሲበጣ መልካም መዓዛ ያለው ሙጫ ይወጣዋል፤ ተርፐንታይን የሚባለው ስም የመጣውም ከዚሁ ዛፍ ስም ነው። በቱርክ አገር በኡሉቡሩን ባሕር ዳርቻ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት ከሰጠመ መርከብ ውስጥ 1 ቶን ያህል የዚህ ወገን ሙጫ በእንስራ ተሞልቶ ተገኝቷል። ሥሩ ድርቅን ስለሚችል አትክልተኞች የፒስታሽዮን ቀንበጥ በኤላ ጉቶ ላይ አጣብቀው ያሳድጋሉ።

ስለ ታሪኩ። ዳዊት ጎልያድን የገደለበት ሸለቆ በዚሁ ዛፍ ስም ይጠራል። በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ በኬብሮን አጠገብ ስለ ቆመ ታላቅ ኤላ ጽፏል። በ4ኛው መቶ ዓመት በዚያው አጠገብ በመምሬ አይሁድ፣ ክርስቲያንና አረማውያን በየዓመቱ ለበዓልና ለገበያ ይሰበሰቡ ነበር፤ ንጉሥ ቈስጠንጢኖስም የጣዖቱን መሠዊያ አስፈርሶ ቤተ ክርስቲያን አሠራበት። የመምሬን ዛፍ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የአድባር ዛፍ ይለዋል።

ስለ ጥበቃው። የፍልስጥኤም ኮረብቶች ለማገዶና ለከሰል ሲመነጠሩ፣ በመቃብርና በጸሎት ስፍራ የቆሙ አሮጌ ኤላዎች ስለ ክብራቸው ተርፈዋል። በሀገራችንም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ያለው ደን የተረፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ቅጠሉ የማይረግፍ የኤላ ዘመድ በኢትዮጵያ ደረቅ ደን ውስጥ ይገኛልና፣ እንዲህ ይደረግ፤

1ኛ፤ ፍሬ የለውም ተብሎ ወንዱ ዛፍ አይቆረጥ።
2ኛ፤ ሙጫ ሲለቀም ግንዱ ዙሪያውን አይላጥ።
3ኛ፤ ቡቃያው ከከብትና ከእሳት ይከለል።

ቅጽርና አድባር በሌለበት ስፍራ ለዛፉ ቅጽር የሚሆነው የሹሙ ትጋት ነው።