ዋይፋይ ሲደክም ኃይል መጨመር ለምን አይበቃም?

በዙሪክ የሚገኘው የኢ.ቲ.ኤች ዩኒቨርሲቲ ዋና ሕንፃ የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1858 እስከ 1864 ነው። እንዲህ ያሉ የቆዩ ሕንፃዎች ወፍራም ግድግዳ የዋይፋይ ሲግናልን ያዳክማል። ታዲያ የአክሰስ ፖይንቱን ኃይል ብንጨምርስ? ስልካችን ሙሉ ሲግናል ያሳያል፤ ኢንተርኔቱ ግን ይቆራረጣል። ግንኙነት የሁለት ወገን ነውና፣ የስልኩ ኃይል አነስተኛ ስለሆነ መልሱ ወደ አክሰስ ፖይንቱ በደንብ አይደርስም።

የሚሻለው ይህ ነው፦

1. አክሰስ ፖይንቶችን ከኮሪደር ይልቅ ሰው በሚበዛባቸው ክፍሎች መትከል፤
2. ኃይላቸውን ከስልክ ኃይል ጋር ማቀራረብ፤
3. በ2.4 ጊጋኸርዝ ጎረቤታሞቹን በማይደራረቡት ቻናል 1፣ 6 እና 11 ማፈራረቅ፤
4. በሩን ዘግቶ፣ ስልክ ይዞ እየተራመዱ መለካት። ለድምፅ ጥሪ ሲግናሉ ከ-67 ዲቢኤም ባይወርድ ይመረጣል።