«ሳላሪ» እና የጨው ነገር

ጥያቄ፦ ልጄ እንግሊዝኛ ሲያጠና «ሳላሪ ማለት የጨው ክፍያ ነው፤ የሮም ወታደር ደሞዙን በጨው ይቀበል ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው? (ከደጋን)

መልስ፦ ግማሹን ልክ ብሏል። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባው የላቲኑ «ሳላሪየም» ነው፤ ሥሩም «ሳል»፣ ማለትም ጨው። ወታደሩ ጨው እየተሰፈረለት ይሄድ ነበር የሚለው ግን ከጥንቱ ጽሑፍ ማስረጃ አይገኝለትም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ቃሉን ከጨው ጋር አያይዞ አንስቶታል እንጂ በጨው ተከፈለ አላለም። ለወታደሩ ይቆጠርለት የነበረው ሳንቲም ነው።

ጨው ገንዘብ የሆነበት አገር ከፈለጉ ሮም ድረስ ምን አስኬደዎት? አፋር ምድር ላይ እየተጠረበ በግመልና በበቅሎ ደጋ የሚወጣው አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ገበያ ላይ እንደ ብር ይመነዘር ነበር። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል፤ ጠርዙ ከተሸረፈ ደግሞ ይወርዳል። ገንዘብ ዝናብ ሲነካው የሚሟሟበት ዘመን ነበር! የባቲን ሰኞ ገበያ ለሚያውቅ የደጋን ሰው የጨውን ነገር ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል።

አሁን ልጅዎን ሱቅ ይላኩትና ሳልሳና ሰላጣ ይግዛ። ሁለቱም በጣሊያንኛ በኩል የመጡ የዚያው የ«ሳል» ልጆች ናቸው፤ መጀመሪያ ትርጉማቸው «ጨው የገባበት» ነበር። ቲማቲሙ ሳልሳ ውስጥ የገባው ኋላ ነው።