በጤናማና በታመመ ሕዋስ ውስጥ የፕሮቲኖች መስተጋብር አጠናን፦ የፒ53፣ የኤምዲኤም2 እና የፓፒሎማ ቫይረስ ኢ6 ፕሮቲኖች ምሳሌ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በሕዋስ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን አብዛኛውን ሥራውን የሚያከናውነው ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር በመጣመር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ዕጢን የሚከላከለው ፒ53 በጤናማ ሕዋስ ውስጥ ከኤምዲኤም2፣ በማሕፀን በር ካንሰር ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ከቫይረሱ ኢ6 ፕሮቲን ጋር የሚፈጥረውን መስተጋብር ያነጻጽራል፤ የዘዴ ምርጫ በግኝት ላይ ያለውንም ተጽዕኖ ይመረምራል። መስተጋብር በቦታ፣ በጊዜና በሦስተኛ ወገን መኖር የሚወሰን ክስተት በመሆኑ፣ «ሁለቱ ፕሮቲኖች አይገናኙም» የሚል ውጤት ሙከራው ከተካሄደበት ሁኔታ ተነጥሎ ሊነበብ እንደማይገባ ያሳያል።

ቁልፍ ቃላት፦ የፕሮቲን መስተጋብር፣ ፒ53፣ ኤምዲኤም2፣ ኢ6፣ ኢ6ኤፒ፣ የማሕፀን በር ካንሰር

1. መግቢያ

የአንድ ዘረመል ሚና ሲገለጽ ብዙ ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው ዘረመሉ ለሚያስገኘው ፕሮቲን ብቻ ነው። ፕሮቲኑ ግን በሕዋስ ውስጥ ብቻውን አይኖርም። እጅግ ብዙ ሞለኪውሎች በተጨናነቁበት ስፍራ አንዱ ያነቃዋል፣ ሌላው ይገታዋል፣ ሌላው ደግሞ እንዲፈርስ ምልክት ያደርግበታል። ስለዚህ የፕሮቲኑን ሥራ ለመረዳት ከማን ጋር፣ የት፣ መቼ እና በማን አማካይነት እንደሚገናኝ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፒ53 ራሱ ለሳይንስ የታወቀው በመስተጋብር በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች የሚሠሩ ተመራማሪዎች ኤስቪ40 የተባለው የዝንጀሮ ቫይረስ ወደ ካንሰርነት የለወጣቸውን ሕዋሳት ይመረምሩ ነበር። የቫይረሱን ትልቁን ቲ አንቲጅን በፀረ እንግዳ አካል ለይተው ሲያወጡ ከእርሱ ጋር የተጣበቀ አንድ የሕዋሱ ፕሮቲን አብሮ ወጣ። በጄል ላይ ሲለካ 53 ኪሎዳልተን ገደማ ስለታየ ፒ53 ተባለ። የ393 አሚኖ አሲዶቹ እውነተኛ ክብደት ወደ 44 ኪሎዳልተን የሚጠጋ ቢሆንም ስሙ ጸንቶ ቀርቷል። መጀመሪያ የተጠኑት የዘረመል ቅጂዎች ሚውቴሽን የነበረባቸው በመሆኑ ለዓሥር ዓመት ያህል ካንሰርን የሚያበረታታ ፕሮቲን ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ዕጢን የሚከላከል መሆኑ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1989 በወጡ ጥናቶች ነው። ዛሬ ከሰው ልጅ ካንሰሮች በግማሽ ያህሉ የፒ53 ዘረመል ሚውቴሽን እንደሚገኝበት ይታወቃል። በቀሩት ካንሰሮች ዘረመሉ ጤናማ ሆኖ ሳለ ፕሮቲኑ ሥራውን የማይሠራው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ወደ መስተጋብሮቹ ይመራል።

2. በጤናማ ሕዋስ፦ ፒ53 እና ኤምዲኤም2

ፒ53 በዲኤንኤ ላይ ጉዳት ሲደርስ የሕዋስን መከፋፈል የሚያስቆሙ ወይም ሕዋሱን ወደ ሞት የሚመሩ ዘረመሎችን ያነቃል። ይህ ኃይል ያለ ልክ ቢለቀቅ ጤናማውን ሕዋስ ያጠፋል። በመሆኑም ጉዳት በሌለበት ጊዜ መጠኑ ዝቅተኛ ሆኖ ይጠበቃል፤ ዕድሜውም በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። ይህን ቁጥጥር በዋናነት የሚያከናውነው ኤምዲኤም2 ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 ኤምዲኤም2 ከፒ53 ጋር ተጣምሮ ዘረመል የማንቃት ችሎታውን እንደሚገታ ታወቀ። በዚያው ዓመት በአንዳንድ የለስላሳ አካላት ዕጢዎች ውስጥ የኤምዲኤም2 ዘረመል ቅጂዎች በዝተው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው የክሪስታል መዋቅር ጥናት የመገናኛውን ስፍራ በግልጽ አሳየ፦ በፒ53 መነሻ ጫፍ የሚገኙት ፌኒልአላኒን 19፣ ትሪፕቶፋን 23 እና ሉሲን 26 በኤምዲኤም2 ላይ ባለው ውኃ ጠል ስርጉድ ውስጥ ይሰካሉ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ኤምዲኤም2 ፒ53ን ከመግታት አልፎ እንዲፈርስ የሚያደርግ መሆኑ ታወቀ። በፒ53 ላይ ዩቢኪዊቲን የተባለውን ትንሽ ፕሮቲን ይለጥፋል፤ ይህን ምልክት የያዘው ፒ53 ፕሮቲያዞም በተባለው የሕዋስ የፕሮቲን መፍጫ ውስጥ ገብቶ ይፈርሳል።

የመስተጋብሩን ክብደት ከሁሉ በላይ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1995 በአይጦች ላይ የተደረገው ጥናት ነው። የኤምዲኤም2 ዘረመል የሌላቸው ፅንሶች ገና በመጀመሪያው የእድገት ደረጃ ይሞታሉ፤ የፒ53 ዘረመልም አብሮ ሲወገድ ግን በሕይወት ይወለዳሉ። የሞታቸው ምክንያት ተቆጣጣሪ ያጣው ፒ53 እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ፒ53 የኤምዲኤም2ን ዘረመል ራሱ ስለሚያነቃ ሁለቱ በግብረ መልስ ዑደት ተሳስረዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ሁለቱን ፕሮቲኖች የተለያየ ቀለም ባላቸው አብሪ ፕሮቲኖች ምልክት በማድረግ በሕይወት ባሉ ነጠላ ሕዋሳት ውስጥ ተከታትሏቸዋል። ከጨረር ጉዳት በኋላ የፒ53 መጠን ከፍና ዝቅ በሚል ሞገድ ታየ። የጨረሩ መጠን ሲጨምር በአማካይ የሚበዛው የሞገዶቹ ቁጥር ነበር፤ የእያንዳንዱ ሞገድ ከፍታና ቆይታ በአማካይ አልተለወጠም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕዋሳት ተፈጭተው በዌስተርን ብሎት ሲለኩ የሚታየው የሁሉም አማካይ ብቻ ስለሆነ ይህ ባሕርይ ይደበዝዛል።

3. በታመመ ሕዋስ፦ ኢ6፣ ኢ6ኤፒ እና ፒ53

በማሕፀን በር ካንሰር ሕዋሳት ውስጥ የፒ53 ዘረመል አብዛኛውን ጊዜ ሚውቴሽን የለበትም። ያም ሆኖ ፕሮቲኑ በበቂ መጠን አይገኝም። የዚህ ምክንያት የሰው ፓፒሎማ ቫይረስ ኢ6 የተባለው ፕሮቲን ነው። ለዓለም የማሕፀን በር ካንሰር 70 ከመቶ ያህሉ መንስኤ የሆኑት የቫይረሱ ዓይነት 16 እና ዓይነት 18 ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 የእነዚህ ዓይነቶች ኢ6 ከፒ53 ጋር እንደሚጣመርና በዩቢኪዊቲን በኩል እንዲፈርስ እንደሚያደርገው ታወቀ።

ለዘዴ ጥናት ትልቁን ትምህርት የያዘው ቀጣዩ እርምጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት የኢ6 እና የፒ53 ጥምረት ያለ ሌላ የሕዋስ ፕሮቲን እንደማይጸና አሳየ። 100 ኪሎዳልተን ገደማ የሚመዝነው ይህ ፕሮቲን ኢ6ኤፒ ተባለ። ኢ6 እና ኢ6ኤፒ ፒ53 በሌለበትም ይጣመራሉ፤ ኢ6ኤፒ እና ፒ53 ግን ኢ6 ከሌለ ሲጣመሩ አልታዩም። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢ6ኤፒ ዩቢኪዊቲንን የሚለጥፈው ኢንዛይም ራሱ መሆኑ ተረጋገጠ። የሦስቱን ጥምረት ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የክሪስታል መዋቅር ጥናት የአሠራሩን ምክንያት ግልጽ አድርጓል፦ ከኢ6ኤፒ የሚወጣ አጭር ሰንሰለት ከኢ6 ጋር ሲያያዝ ኢ6 ፒ53ን ለመያዝ የሚመች ቅርጽ ያገኛል። የሚይዘውም የፒ53ን ማዕከላዊ ክፍል ነው፤ ኤምዲኤም2 የሚይዘው የመነሻ ጫፍ ከዚህ የተለየ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ውጤት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ቫይረሱ ባለባቸው የማሕፀን በር ካንሰር ሕዋሳት ፒ53ን የማፍረሱ ሥራ ከኤምዲኤም2 ሙሉ በሙሉ ወደ ኢ6 ተላልፏል። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆኑት ኑትሊን የተባሉት ሞለኪውሎች የኤምዲኤም2ን ስርጉድ ይዘው ፒ53ን ነጻ ያወጣሉ፤ ሆኖም የኢ6ን መንገድ አይዘጉም። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ከሄንሪዬታ ላክስ ዕጢ በተወሰዱትና ዓይነት 18 ቫይረስ በሚገኝባቸው የሂላ ሕዋሳት ውስጥ የኢ6 መመረት ሲታፈን ፒ53 ተመልሶ ይከማቻል። ከአርባና ከሃምሳ ዓመታት የቤተ ሙከራ እርባታ በኋላም ዘረመሉ ሥራውን ለመሥራት ዝግጁ ነው፤ የጎደለው ፕሮቲኑን ከኢ6 የሚያድነው ብቻ ነው።

4. ዘዴዎቹ የሚያሳዩትና የሚሰውሩት

ከላይ የቀረቡት ሁለት መስተጋብሮች በተለመዱት ዘዴዎች ቢፈተኑ እኩል አይታዩም።

እ.ኤ.አ. በ1989 የቀረበው የእርሾ ጥንድ ፕሮቲን ሙከራ ዘረመልን የሚያነቃ ፕሮቲንን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ክፍል ከማጥመጃው፣ ሌላውን ከተፈታኙ ፕሮቲን ጋር ያያይዛል። ሁለቱ ሲገናኙ ክፍሎቹ ተቀራርበው ጠቋሚ ዘረመል ይነቃል። ዘዴው ርካሽ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥንዶችንም ለመፈተን ያስችላል። ነገር ግን እርሾ ኢ6ኤፒ የለውም። ኢ6 እና ፒ53 ብቻ ቢፈተኑ አሉታዊ ውጤት የሚጠበቅ ነው፤ ያ ውጤት «አይገናኙም» ተብሎ ቢመዘገብ ግን የበሽታው ዋና መስተጋብር ከመዝገብ ይጠፋል።

በፀረ እንግዳ አካል አብሮ የማውጣት ዘዴ ሦስተኛውን ወገን ጨምሮ የሕዋሱን እውነተኛ ፕሮቲኖች ይጠቀማል። ፒ53 የተገኘውም በዚሁ መንገድ ነው። ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሕዋሱ ሲፈጭ በተለያዩ ክፍሎቹ ይኖሩ የነበሩ ፕሮቲኖች በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ይቀላቀላሉ፤ በሕይወት ሳሉ ያልተገናኙ ፕሮቲኖች በፈሳሹ ውስጥ ሊጣበቁ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ደካማና ጊዜያዊ ጥምረት በእጥበት ይላቀቃል። የኢ6ን ጥምረት ለማየት ተጨማሪ ችግር አለ፤ ጥምረቱ በተፈጠረ ቁጥር ፒ53 ይፈርሳል። ስለዚህ የፕሮቲያዞምን ሥራ የሚገታ ኬሚካል አስቀድሞ ካልተጨመረ የሚፈለገው ማስረጃ ራሱ በሕዋሱ ውስጥ ይጠፋል።

ፍሬት የተባለው የብርሃን ዘዴ ሁለት አብሪ ምልክቶች ከ1 እስከ 10 ናኖሜትር ሲቀራረቡ አንዱ ለሌላው የሚያስተላልፈውን ኃይል ይለካል። ጥቅሙ ቦታንና ጊዜን በሕያው ሕዋስ ውስጥ ማሳየቱ ነው። ምልክቶቹ ትልልቅ በመሆናቸው ግን የፕሮቲኑን ጠባይ ሊለውጡ ይችላሉ፤ አቀማመጣቸው ካልተመቸም የተጣመሩ ፕሮቲኖች ያልተጣመሩ ሊመስሉ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2012 የቀረበው ባዮአይዲ ከማጥመጃው ፕሮቲን ጋር አንድ ኢንዛይም በማያያዝ በ10 ናኖሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ያሉትን ጎረቤቶች ሁሉ በባዮቲን ምልክት ያደርጋል። ምልክቱ ስለሚጸና አጭር ጊዜ የቆየ ግንኙነትም አሻራውን ይተዋል። ሆኖም የሚያስገኘው የጎረቤቶች ዝርዝር ነው፤ ከእነዚህ መካከል በቀጥታ የሚነካካው የትኛው እንደሆነ በሌላ ዘዴ መረጋገጥ አለበት።

5. ለጥናት ንድፍ የሚሆኑ ነጥቦች

ከዚህ ንጽጽር ለማስተርስና ለዶክትሬት ጥናት የሚጠቅሙ አራት ነጥቦች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ አንድ መስተጋብር ድክመታቸው በማይመሳሰል ቢያንስ በሁለት ዘዴዎች ሊረጋገጥ ይገባል። ሁለት ዘዴዎች ሁለቱም ሕዋስን መፍጨት የሚጠይቁ ከሆነ ተመሳሳይ ስሕተት ሊደግሙ ይችላሉ። ሁለተኛው፣ የመገናኛውን አሚኖ አሲድ በመለወጥ ጥምረቱ መጥፋቱን ማሳየት ጠንካራ ማነጻጸሪያ ነው፤ የፒ53 ትሪፕቶፋን 23 ለኤምዲኤም2 ጥምረት ይህን ዕድል ይሰጣል። ሦስተኛው፣ ከተፈጥሯዊ መጠናቸው በላይ እንዲመረቱ የተደረጉ ፕሮቲኖች በተለመደው ሁኔታ የማይፈጥሩትን ጥምረት ሊፈጥሩ ስለሚችሉ ውጤቱ በተፈጥሯዊው መጠንም መፈተን አለበት። አራተኛው፣ አሉታዊ ውጤት ሲዘገብ የሕዋሱ ዓይነት፣ የተጨመሩ ኬሚካሎችና የጎደሉ ፕሮቲኖች አብረው መገለጽ አለባቸው።

6. ማጠቃለያ

አንድ ፒ53 በሁለት ዓይነት ሕዋስ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ተቆጣጣሪዎች አሉት። በጤናማው ሕዋስ የኤምዲኤም2 ጥምረት ጉዳት ሲደርስ የሚላላ፣ አደጋው ሲያልፍ የሚመለስ ነው። በቫይረሱ በተያዘው ሕዋስ ኢ6 ለሌላ ሥራ የተፈጠረውን ኢ6ኤፒ በፒ53 ላይ ያዞረዋል፤ የዲኤንኤ ጉዳት ምልክትም ይህን ጥምረት እንደ ኤምዲኤም2 አያላላውም። በሽታው የተመሠረተው ጤናማ የሆኑ ሁለት የሕዋስ ፕሮቲኖችን በማገናኘት ላይ ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የሩቅ ጉዳይ አይደለም። የማሕፀን በር ካንሰር በአገሪቱ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው። በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት የቫይረሱን የውጭ ሽፋን ፕሮቲን መነሻ ያደረገ በመሆኑ አዲስ መያዝን ይከላከላል፤ ቀድሞ በተያዘ ሕዋስ ውስጥ የኢ6ን ሥራ ግን አያስቆምም። ቀድሞ ለተያዙት እናቶች ቅድመ ምርመራና ወቅታዊ ሕክምና አስፈላጊነታቸው እንዳለ ሆኖ፣ የኢ6ን እና የኢ6ኤፒን ጥምረት የሚያላቅቅ ሞለኪውል መፈለግ ትርጉም ያለው የምርምር አቅጣጫ ነው። ለዚህ ፍለጋ በሚነደፉ ሙከራዎች ሦስቱን ፕሮቲኖች በአንድነት መፈተን ይጠቅማል።