«ደውዬ አጣኋችሁ» እንዳይባል፤ የቢሮ አይፒ ስልክና የድምፅ መልእክት

ለአዲስ አበባ ነጋዴ «ቃሊቲ» ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው የገቢ ዕቃ ተፈትሾ የሚለቀቅበት የጉምሩክ ቅርንጫፍ ነው፤ ሁለተኛው ለረጅም ዓመታት በዚሁ ስም የታወቀው ማረሚያ ቤት ነው። የቢሮውን ስልክ በአይፒ ለማደራጀት ያሰበ ድርጅት ሁለቱንም ሊያስብ ይገባዋል፤ አንዱን ለጥቅሙ፣ ሌላውን ለሕጉ ሲል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ትራንዚተሩ ከጉምሩክ ደጃፍ «አንድ ሰነድ ጎድሏል» ብሎ ሲደውል ቢሮው ለምሳ ወጥቶ ከሆነ ዕቃው ያድራል፤ ኪራዩም ይቆጥራል። መልእክቱን በድምፁ ትቶ ቢሆን ኖሮ ሰነዱ ከሰዓት በኋላ ይደርስ ነበር።

ለዚህ ሥራ በዓለም ላይ በስፋት ከሚታወቁት ክፍት ፕሮግራሞች አንዱ አስቴሪስክ ነው። አሜሪካዊው ማርክ ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1999 የሠራው ለአነስተኛ ድርጅቱ የስልክ ማዞሪያ መግዣ ገንዘብ ስላልነበረው ነው። የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ ወጪው ኮምፒዩተሩና የባለሙያው ጉልበት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የቢሮው አይፒ ማዞሪያ አስቴሪስክ ከተጫነበት ኮምፒዩተር ጋር በውስጥ መረብ፣ ሲፕ በተባለው ስምምነት ይገናኛል። አንድ የውስጥ ቁጥር፣ ለምሳሌ 500፣ ለድምፅ መልእክት ይመደባል። የሒሳብ ክፍሉ 204 በ20 ሰከንድ ውስጥ ካልተነሳ ጥሪው ወደ 500 ይዞራል።

ችግር የሚፈጠረው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ማዞሪያው ጥሪውን ሲያስተላልፍ «መጀመሪያ የተደወለው ለ204 ነው» የሚለውን መረጃ አብሮ መላክ አለበት፤ አለዚያ አስቴሪስክ የማንን ሣጥን እንደሚከፍት አያውቅም። ሁለተኛ፣ የቁልፍ ድምፅ አላላክ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ካልሆነ የምስጢር ቁጥሩ አይነበብም። ሦስተኛ፣ አዲስ መልእክት ሲገባ በስልኩ ላይ መብራት እንዲበራ ትእዛዙ ወደ ማዞሪያው መመለስ አለበት። መብራቱ ካልበራ መልእክቱ ሳይሰማ ይቀራል።

የማከማቻ ቦታ አያሳስብም። ባልታመቀ የስልክ ጥራት የተቀዳ አንድ ደቂቃ 480 ኪሎባይት ያህል ስለሚይዝ፣ አንድ ጊጋባይት ወደ 35 ሰዓት ይበቃል። የሰላምታውን ቃል በአማርኛ ቀድቶ ማስገባት ይቻላል። መብራት ሲጠፋ ግን ሁሉም አብሮ ይጠፋልና ለማዞሪያውም ለኮምፒዩተሩም ዩፒኤስ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቃሊቲ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በኢንተርኔት አማካይነት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጥን ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራትና ከተገመተው ገቢ አምስት እጥፍ መቀጮ ደንግጓል። የቴሌኮም መሣሪያ ያለ ፈቃድ ማስመጣትም በአዋጁ ወንጀል ነው። ስለዚህ አስመጪው ዕቃው ጉምሩክ ከመድረሱ በፊት ፈቃዱን ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማጣራት፣ የውጭ መስመሩንም ፈቃድ ካለው የቴሌኮም ድርጅት መውሰድ አለበት። ኮምፒዩተሩ ለኢንተርኔት ክፍት ሆኖ የምስጢር ቁጥሩ «1234» ከተባለም፣ ሌቦች በዚያ በኩል ውጭ አገር ይደውላሉ፤ ሒሳቡም ጥያቄውም የሚመጣው ለባለቤቱ ነው።

ለባለሙያው ክፍያ ከመፈጸም በፊት አንድ ፈተና ይበቃል። ከሞባይል ወደ 204 ይደወል፤ ሳይነሳ ይቆይ፤ መልእክት ይተው። መብራቱ ከበራ፣ መልእክቱ ከ204 ሣጥን ከተሰማ፣ ሲሰረዝም መብራቱ ከጠፋ ሥራው ተጠናቋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጠዋትና ከሰዓት መልእክቶቹን የሚያዳምጥ አንድ ኃላፊ መመደብ ነው።