ወገብና አጥንት በእጅ ሲታከም

በአንኮበር ከወንዝ ውሃ ቀድታ ዳገቱን ተሸክማ የምትወጣ ሴት ማታ ማታ «ወገቤን! ወገቤን!» ትላለች። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ገብስ ሲያጭድ የዋለ ገበሬም እንዲሁ ይላል። ሌሊት ብርዱ ሲጨመርበት መገላበጥ እንኳ ያቅታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንዱ «ቅቤ ተቀብተህ ታሽ» ይላል። ሌላው «ልጅ ጀርባህን ይርገጥልህ» ይላል። ሦስተኛው «ወጌሻ ዘንድ ሂድ» ይላል። ሬዲዮ የሚያዳምጠው ደግሞ «በውጭ አገር ወገብን በእጅ ብቻ የሚያክም ሐኪም አለ አሉ» ይላል።

በዚህ ትምህርት የእጅ ሕክምና ምን እንደሆነ እናያለን። ከጥሩ እጅ ምን እንደሚጠበቅና ከምን ዓይነት እጅ መሸሽ እንደሚገባም እንማራለን።

የጀርባችን ምሰሶ

የቤት ምሰሶ አንድ ወጥ እንጨት ነው። የሰው አከርካሪ ግን እንደዚያ አይደለም። እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ አጥንቶች ናቸው። የሚንቀሳቀሱት 24 ሲሆኑ ሰባቱ በአንገት፣ አሥራ ሁለቱ በደረት ጀርባ፣ አምስቱ በወገብ ይገኛሉ። በአጥንትና በአጥንት መካከል ትራስ የመሰለ ለስላሳ አካል አለ። በአጥንቶቹ ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ሕብለ ሰረሰር ያልፋል። ከአንጎል የሚነሣው ትእዛዝ ወደ እጅና ወደ እግር የሚደርሰው በዚህ ገመድ ነው።

ትራሱ ወጣ ብሎ ነርቭ ሲጫን ሕመሙ ከወገብ ተነሥቶ እስከ እግር ይወርዳል። ነገር ግን ወገባቸውን ከሚያማቸው 100 ሰዎች ውስጥ 90 ያህሉ ይህ ነው የሚባል አንድ የታወቀ ጉዳት አይገኝባቸውም። ስለዚህ ወገብ ያመመው ሰው ሁሉ «አጥንቴ ከቦታው ወጣ» ብሎ መደንገጥ የለበትም። ብዙው ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል።

የወገብ ሕመም የእኛ ብቻም አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች ወገባቸውን ያማቸው ነበር።

የእጅ ሐኪሞች እነማን ናቸው?

የመጀመሪያው የምናውቀው ወጌሻ ነው። ወለምታን ያሻል፣ ውልቃትን ይመልሳል፣ ስብራትን በሸንበቆ ወይም በቀርከሃ ደግፎ ያስራል። ሙያውን የተማረው ከአባቱ ወይም ከዘመዱ ነው። ቅርብ ስለሆነና ቋንቋችንን ስለሚያውቅ እናምነዋለን።

ሁለተኛው በውጭ አገር ካይሮፕራክቲክ የሚባለው ሙያ ነው። የስሙ ትርጉም «በእጅ የሚሠራ» ማለት ነው። የጀመረው በአሜሪካ አገር ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የሚባል ሰው ነው። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር 1888 ዓ.ም.፣ የዐድዋ ጦርነት የተደረገበት ዓመት ነው። ፓልመር በሽታ ሁሉ ማለት ይቻላል ከአከርካሪ መዛባት ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። ይህ እምነቱ እውነት ሆኖ አልተገኘም። በዛሬው ጊዜ የዚህ ሙያ ሰዎች በኮሌጅ ለዓመታት ይማራሉ። በብዛት የሚገኙትም በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ ነው።

ሦስተኛው ፊዚዮቴራፒ ነው። እሱም በእጅና በአካል እንቅስቃሴ ያክማል። በአገራችን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ ይሰጣል።

ታዲያ የእጅ ሕክምና ይረዳል? የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ወገቡን ለረጅም ጊዜ ያመመው ሰው አከርካሪን በእጅ ማከምና ማሸት ሊረዳው ይችላል ይላል። ብቻውን ግን አይበቃም። ሕመሙን ማወቅና ሰውነትን ማንቀሳቀስም አብረው መሄድ አለባቸው።

ከጥሩ እጅ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ጥሩ ሐኪም ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል። መቼ ጀመረህ? ወድቀህ ነው ወይስ እንዲሁ? ወደ እግርህ ይወርዳል? ትኩሳት አለህ? ክብደትህ ቀንሷል? ሳይጠይቅ የሚጎትት እጅ መጥፎ እጅ ነው።

ሁለተኛ፣ ይመረምራል። ጎንበስ ቀና በል ይላል። ጀርባን ይዳብሳል። የእግርን ጉልበት ይፈትናል። ካስፈለገ ራጅ ያዝዛል።

ሦስተኛ፣ የሚያደርገውን አስቀድሞ ይናገራል። ከዚያ በአልጋ ላይ አስተኝቶ አጥንቱን በእጁ ፈጠን አድርጎ ጫን ይላል። በዚህ ጊዜ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማ ይሆናል። ጣታችንን ጎተት ስናደርግ እንደሚሰማው ነው። ብዙ ሰው አጥንት ወደ ቦታው የገባ ይመስለዋል፤ አይደለም። በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ያለ አየር የሚያሰማው ድምፅ ነው።

አራተኛ፣ «ነገና ከነገ ወዲያ ትንሽ ሊያምህ ይችላል» ብሎ ያስጠነቅቃል። ቤት ውስጥ የሚሠራ እንቅስቃሴም ያስተምራል።

አምስተኛ፣ የማይችለውን አልችልም ይላል። በእጅ ማሸት ስኳር በሽታን፣ የደም ግፊትን ወይም ሳንባ ነቀርሳን አያድንም። አድናለሁ የሚል ካለ አትመኑት። በተለይ አንገትን በኃይል ከማጠማዘዝ ተጠበቁ። እምብዛም ባይሆንም ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል።

አንድ ሌሊት በአንኮበር

እኛ ተማሪዎች ለማስተማር አንኮበር በወጣንበት ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ጭቃ አዳልጦት ወደቀ። የቀኝ እጁ አንጓ አበጠ። የመንደሩ ወጌሻ ተጠርተው መጡ። በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው «ተሰብሯል» አሉ። በሸንበቆ ደግፈው በጨርቅ ጥብቅ አድርገው አሰሩት። እኛም አመስግነን ሸኘናቸው።

ሌሊት ልጁ ማቃሰት ጀመረ። «ጣቶቼ ደነዘዙ» አለን። እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰዎች ምን አልነው? «ስብራት ያማል፤ እስኪነጋ ቻለው» አልነው።

ያሳደሩን እማማ ግን ኩራዝ ይዘው መጡ። ጣቶቹን ዳሰሱ።

«ልጆቼ፣ ይሄ እኮ ቀዝቅዟል! ፍቱለት!» አሉ።

«እማማ፣ ወጌሻው ሳይመጡ እንዴት እንነካዋለን?» አልናቸው።

«በወንድሜ ልጅ አይቻለሁ። እጁ እንደ ከሰል ጠቁሮ ቀረ። ፍቱለት ብያለሁ!»

ፈታንለት። ሸንበቆውን ሳንጥል ጨርቁን ብቻ አላላነው። እጁንም ከፍ አድርገን ያዝነው። ጥቂት ቆይቶ ጣቶቹ ሞቁ። ሲነጋ በበቅሎ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያም ደብረ ብርሃን አደረስነው። ራጅ ተነሥቶ በጀሶ ታሰረለት። ዛሬ በዚያው እጁ ይጽፋል።

ወጌሻው «ተሰብሯል» ያሉት ልክ ነበር። የጎዳው የማሰሪያው መጥበቅና ማታ ተመልሶ ያለማየት ነው። በኋላ ስንነግራቸው አልተቆጡም። «ከእንግዲህ ሳላድር ተመልሼ አያለሁ» አሉን። የእኛም ጥፋት ነበረበት። የተማርን ነን ብለን ሕመምተኛው የሚለውን አልሰማንም።

ደም ያልደረሰው ሥጋ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። በአገራችን ሆስፒታሎች በጠበቀ ማሰሪያ ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹም ልጆች ናቸው። ነገሩ ግን መፍትሔ አለው። በ1997 ዓ.ም. የታተመ አንድ የአገራችን ሐኪም ጽሑፍ እንደሚያሳየው ወጌሾች ተሰብስበው አጭር ሥልጠና ከወሰዱ ወዲህ የሚቆረጠው እጅና እግር ቀንሷል።

ስለዚህ የታሰረ ሰው ቤታችሁ ሲኖር ጣቶቹን ደጋግማችሁ እዩ። ቀዝቅዘዋል? ደንዝዘዋል? ጠቁረዋል ወይም ገርጥተዋል? ሕመሙ እየባሰ ነው? ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ደሙ ቶሎ ይመለሳል? ከነዚህ አንዱ መጥፎ ከሆነ አትጠብቁ። ወዲያው አላሉለትና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ ቅቤም ቅጠልም ሳታደርጉበት በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

እጅ የማይነካው ወገብ

ከዚህ በታች ካሉት ምልክቶች አንዱ ያለበትን ሰው ማንም አይሽ፣ ማንም አይጎትት፣ ማንም አይርገጠው። ወደ ሐኪም ይሂድ።

— ሽንት እምቢ ካለው ወይም ሳያውቀው ካመለጠው፣ መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘ። ይህ ለነገ የማይባል ነው።
— እግሩ እየሰነፈ ከሄደ።
— ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለው። ሳንባ ነቀርሳ አከርካሪንም ይይዛል። በተለይ የልጅ ጀርባ መጉበጥ ሲጀምር አትዘግዩ። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ በማሸት ግን አይድንም።
— ከዛፍ፣ ከገደል ወይም ከበቅሎ ወድቆ ከሆነ።
— ሕመሙ ከስድስት ሳምንት በላይ ከቆየ።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ወገብ ሲያም ለቀናት መተኛት አይጠቅምም። ቀለል ያለ ሥራ እየሠሩ፣ እየተራመዱ መዋል ይሻላል። መቀነት ለልብስ ጥሩ ነው፤ አጥብቆ ማሰር ግን የቆየ የወገብ ሕመምን አያድንም። ሸክም ስታነሡ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉት። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ውሃው ብቻ ሃያ ኪሎ ይመዝናል። ከተቻለ በሁለት ጊዜ ይቀዳ፤ ወይም አህያ ትሸከመው። ውሃ መቅዳት የሚስትና የሴት ልጅ ሥራ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ባልም ወገብ አለው።

የወጌሻን እጅ አንንቅም። የሐኪምንም እጅ በጭፍን አናምንም። ሁለቱንም አንድ ጥያቄ እንጠይቃቸዋለን፤ «ከመንካትህ በፊት ጠይቀኸኛል? ከነካኸኝስ በኋላ ተመልሰህ ታየኛለህ?»

ጥያቄዎች

1. የሚንቀሳቀሱ የአከርካሪ አጥንቶች ስንት ናቸው?
2. በእጅ ሲታከም «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ከምን ይመጣል?
3. በአንኮበር የተማሪውን እጅ ያዳነው የማን ምክር ነው? ተማሪዎቹ ምን ተሳሳቱ?
4. የታሰረ እጅ መጥበቁን በምን በምን እናውቃለን?
5. በመንደራችሁ ያለውን ወጌሻና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ወደ ክፍል ጋብዙ። አንድ ሰው ቢሰበር ማን ምን እንደሚያደርግ አብራችሁ ተነጋገሩ።