ክርስቲያን ማነው? ጸሎተ ሃይማኖትስ ለምን ያስፈልጋል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወልድያም ሆነ መርሳ፣ በሥራ ቦታም ሆነ በትምህርት ቤት፣ «እውነተኛው ክርስቲያን ማነው?» የሚል ክርክር ሲነሣ እንሰማለን። አንዱ «ማተብ አስሬያለሁ፣ እጾማለሁ፣ በቃ ክርስቲያን ነኝ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ዋናው በልብ ማመን ነው፤ በቃል የሚደገም ጸሎተ ሃይማኖት ምን ያደርጋል?» ይላል። ሁለቱም ግማሹን ይዘው ግማሹን ጥለዋል።

ሀ. ለምን ተሠራ?

«ክርስቶስን እወዳለሁ» ላለ ሰው «ክርስቶስን ማን ትለዋለህ?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። አርዮስም የክርስቶስን ስም ይጠራ ነበር፤ ነገር ግን ወልድን ፍጡር አለው። ስለዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 ዓ.ም. 318ቱ ሊቃውንት በኒቅያ ተሰብስበው ወልድ ከአብ ጋር የተካከለ አምላክ መሆኑን መሰከሩ። በ381 ዓ.ም. ደግሞ 150ው ሊቃውንት በቁስጥንጥንያ መቅዶንዮስን አውግዘው ስለ መንፈስ ቅዱስ ያለውን ትምህርት አሟሉ። አባቶች አዲስ እምነት አልፈጠሩም፤ የነበረውን እንዳይበረዝ አጠሩት እንጂ።

ይህ ምስክርነት ከጥምቀት አይለይም። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅ የክርስትና አባት ወይም እናት ሰይጣንን ክደው፣ በሥላሴ አምነው ስለ ሕፃኑ ይመሰክራሉ። ልጁ ሲያድግ ያንን ቃል የራሱ ማድረግ አለበት። አለበለዚያ ማተቡ ክር ብቻ ይሆንበታል።

ለ. የቦሩ ሜዳ ትምህርት

ነገሩ ለእኛ ለወሎዎች ሩቅ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ሊቃውንት ተከራከሩ። አንዱ ወገን «ለክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ሦስተኛ ልደት አለው» አለ። ተዋሕዶዎቹ ግን «ልደቱ ሁለት ነው፤ ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከእመቤታችን ያለ አባት» አሉ። ፍርዱም ለተዋሕዶ ሆነ። ልብ በሉ! ሁለቱም ወገኖች ያንኑ ጸሎተ ሃይማኖት የሚደግሙ ነበሩ። ስለዚህ ቃሉን መድገም ብቻ ሳይሆን ምሥጢሩን መማር ያስፈልጋል።

ሌላም ትምህርት አለ። ከጉባኤው በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ በአዋጅ ታዘዙ። ብዙዎች ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ሙስሊም ሆነው እንደኖሩ ታሪክ ይነግረናል። ጉባኤ የቀናውን ትምህርት ይለያል፤ አዋጅ ግን የሰውን ልብ አያሳምንም።

ሐ. እንግዲህ ምን እናድርግ?

«ሥላሴን ካመንን አንድ አይደለንም ወይ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ የሌላ ቤተ እምነት ወዳጅ ካለ፣ ያው ጸሎት ስለ አንዲት ቤተ ክርስቲያንና ስለ አንዲት ጥምቀትም እንደሚመሰክር በትሕትና አስረዱት። አትሳደቡ። ትምህርትን መለየት የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ልብን መመርመር ግን የእግዚአብሔር ብቻ ነው። በሀብሩ ከሙስሊም ጎረቤታችሁ ጋር በሐዘንም በደስታም ስትገናኙ እምነታችሁን አትደብቁ፤ ፍቅራችሁንም አትንፈጉ።

ጸሎተ ሃይማኖት ሌላውን የምንመታበት ዱላ ሳይሆን ራሳችንን የምንለካበት ሚዛን ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ እንዳስተማረን አጋንንትም አምላክ አንድ መሆኑን አውቀው ይንቀጠቀጣሉ፤ እኛን ከእነሱ የሚለየን በፍቅር የሚሠራ እምነት ነው። ሰው ሆኖ ስለ እኛ እንደታመመ እየመሰከርን የታመመ ጎረቤት ካልጠየቅን፣ ሙታን እንደሚነሡ እየመሰከርን ቂም ይዘን ካደርን አፋችንና ኑሯችን ተለያይተዋል ማለት ነው።

ስለዚህ በዚህ ጾም በየቀኑ ከጸሎተ ሃይማኖት አንድ ዐረፍተ ነገር ይዛችሁ ትርጉሙን ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ጠይቁ። ለልጆቻችሁም በአማርኛ ንገሯቸው። በቅዳሴ ጊዜ ስትደግሙትም የምትሉትን እያወቃችሁ በሉት።

በሃይማኖት ያጽናን፤ በምግባር ያስጊጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።